በኪስ የሚያዘው አልትራሳውንድ፤ ከዋጋው በኋላ ያለው ዋጋ

ባለፈው ክረምት ወደ አገር ቤት ወርጄ ሳለሁ፥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ የሆነችውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄድሁ። የጠረጴዛዋን መሳቢያ ስባ፥ ከፀጉር ቆራጭ ቶንዶስ ብዙም የማይበልጥ፥ ገመድ የተንጠለጠለበት ዕቃ አሳየችኝ። «ይኸው አልትራሳውንዳችን» አለች። «እትዬ፥ ታዲያ ስለምን በመሳቢያ ተኛ?» ብላት፥ «ፕሮቡስ ደኅና ነው፤ የሞተው ስልኩ ነው። አዲስ የተሰጠን ስልክ ደግሞ አልቀበለውም አለ» ስትል መለሰችልኝ። በዚያው ሳምንት ደም የሚፈስሳት አንዲት ነፍሰ ጡር መጥታ፥ የእንግዴ ልጁ ያለበትን ስፍራ ማየት ስላልተቻለ፥ በግምት ብቻ ወደ ሆስፒታል እንደ ላከቻት ነገረችኝ።

የሠሪውን ስም አላነሣም። ጥፋቱም የሠሪው ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ዕቃው ሲገዛ ስለ ስልኩ የጠየቀ ሰው የነበረ አይመስለኝምና። ዛሬ ስለዚህ ነገር ልጽፍ የተነሣሁት፥ ከእኔ ጋር ትምህርታቸውን ጨርሰው በየመሥሪያ ቤቱ የገቡት ጓደኞቼ ነገ በግዥ ኮሚቴ ተቀምጠው ፕሮፎርማ የሚያወዳድሩ ስለ ሆኑ ነው።

የአልትራሳውንድ ሥራ እንደ ገደል ማሚቶ ነው። በኤሌክትሪክ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሥጋ ይልካል፤ ተመልሶ የመጣው ማሚቶም ሥዕል ይሆናል። የክሪስታሉን ጠባይ ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች በ1880 አገኙት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ለማኅፀን ምርመራ እንደሚጠቅም አሳየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን መሣሪያው በጎማ እየተገፋ የሚሄድ ትልቅ ዕቃ ነበር። ለማሳነሱ ምክንያት የሆነው የጦር ሜዳ ነው። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ክፍል ቁስለኛ በወደቀበት ስፍራ የሚመረመርበትን መሣሪያ ፈልጎ በ1990ዎቹ ገንዘብ ሰጠ፤ ከዚያም ሥራ በ1998 ሶኖሳይት የተባለው ኩባንያ ተወለደ። በ2010 ጂኢ እንደ ታጣፊ ስልክ የሚከፈተውን ቪስካንን ለገበያ አወጣ።

ከዚህ ወዲህ መንገዱ ሁለት ሆነ። ፊሊፕስ በ2015 ሉሚፋይን ሲያወጣ በክሪስታሉ ጸና። ክሪስታል ግን በተቆረጠበት ልክ ነው የሚጮኸው፤ ወደ ሆድ ጥልቅ የሚገባው ዝቅተኛ ድምፅ ከቆዳ ሥር ያለውን ደም ሥር አጥርቶ አያሳይም፥ ከፍተኛውም ወደ ጥልቁ አይደርስም። ስለዚህ ለሆድ፥ ለልብና ለቅርብ አካል ሦስት ልዩ ልዩ ፕሮብ መግዛት ያስፈልጋል። ጂኢ በ2021 ባወጣው ቪስካን ኤር ነገሩን በብልሃት አቃለለው፤ ገመድ ለሌለው ለአንዱ ዕቃ በጫፍና በጫፉ ሁለት ራስ አደረገለት። ሁለተኛውን መንገድ የያዘው ጆናታን ሮትበርግ በ2011 የመሠረተው የአሜሪካው ባተርፍላይ ነው። እርሱ ክሪስታሉን ትቶ በሲሊከን ቺፕ ላይ ወደ 9,000 የሚጠጉ ጥቃቅን ከበሮዎች ደረደረ፤ ድምፃቸው እንደ ተፈለገው ስለሚለዋወጥ አንዱ ፕሮብ ለመላው አካል ይበቃል። በ2017 ፈቃድ ሲያገኝም ዋጋው ከ2,000 ዶላር በታች እንደሚሆን ተነገረ። ወሬው ብዙ ሰው አስደንቋል፤ እኔንም ጭምር።

ነገር ግን ሰርጉ በርካሽ አለፈ ተብሎ ትዳሩ ርካሽ አይሆንም። የባተርፍላይን ሙሉ አገልግሎት ለማግኘት በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የአባልነት ክፍያ አለ። ይህ ለአሜሪካ ሐኪም የምሳ ገንዘብ ነው ይባል፤ በየዓመቱ ሰኔ 30 ሒሳቡን የሚዘጋ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን ያንን ዶላር ከወዴት አምጥቶ፥ በማንስ ካርድ ይከፍላል? ሉሚፋይ የራሱ ባትሪ የለውም፤ የስልኩን ወይም የታብሌቱን ኃይል ይጠጣል። ቪስካን ኤር የራሱ ባትሪ አለው፤ ሳያቋርጡ ሲሠሩበት ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። ሦስቱም መስተዋታቸው የሌላ ሰው ስልክ ወይም ታብሌት ነው፤ ስልክ ደግሞ ዕድሜው አጭር መሆኑን ሁላችን በኪሳችን እናውቀዋለን።

ስለ ሥዕሉ ጥራትስ? በ2022 በታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ 24 ባለሙያዎች አራት መሣሪያዎችን አወዳድረው ነበር። በሥዕል ጥራት ሉሚፋይን፥ ለአያያዝ በመመቸት ቪስካን ኤርን አስቀደሙ፤ በሁሉም ነገር አንደኛ የወጣ ግን አልነበረም። እኔ ይህን ጥናት ሳነብ የገረመኝ ፈታኞቹ ሁሉ የለመዱ እጆች መሆናቸው ነው። የአክስቴ ልጅ የልብን ክፍሎች ለመቍጠር አትፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። ለዚህ የሚያስፈልገው፥ ልጁ መንታ መሆን አለመሆኑን፥ ልቡ መምታቱን፥ ዕድሜውንና የእንግዴ ልጁ የተቀመጠበትን ማየት ነው። በአገራችን በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች አዋላጆች ለዚህ ሠልጥነው ሠርተዋል። በ2022 ባተርፍላይ በጌትስ ፋውንዴሽን ርዳታ 1,000 ፕሮቦችን ከሠሐራ በታች ላሉ አገሮች ለማደል በተነሣ ጊዜም፥ ለኬንያ አዋላጆች ከፕሮቡ ጋር ሥልጠናው አብሮ ተሰጥቷል።

«ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ አዋላጅ ትሳሳታለች» የሚሉ አሉ። ትሳሳት ይሆናል፤ በመዳፏ ብቻ ስትገምትም ትሳሳት ነበር።

እንግዲህ በኮሚቴው ብቀመጥ፥ ለጤና ጣቢያ የምመርጠው ለሆድ የሚሆን አንድ ራስ ያለውን፥ ያለ ኢንተርኔት ሥዕል የሚያሳየውንና ዓመታዊ ክፍያ የሌለበትን ነው፤ ሥዕሉ ከሌላው ጥቂት ቢደበዝዝም እንኳ። በጨረታውም ሰነድ ላይ ሁለት ትርፍ ስልኮችና የአምስት ዓመት ጥገና ከዋናው ዋጋ ጋር ተደምረው እንዲቀርቡ አስጽፍ ነበር። ሻጩ ያጉረመርም ይሆናል።

ከአክስቴ ልጅ ስለያይ የድሮውን ዓይነት ስልክ እንድፈልግላት አደራ ብላኝ ነበር። ከመርካቶ አንድ ያገለገለ አግኝቼ በአውቶቡስ ልኬላታለሁ፤ ፕሮቡ ይቀበለው አይቀበለው ገና አልደወለችልኝም።