ትራንስፎርመሩ ወረደ፤ ዘይቱስ?

አዲስ ትራንስፎርመር ሲተከል አገር ያውቃል። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ይጨበጨባል። አሮጌው ሲወርድስ ማን ያያል? የት ይሄዳል? ሆዱ ውስጥ ያለውን ዘይት ማን ይቀዳዋል? ወዴት ያፈሰዋል? ይህን የምንጠይቀው ሥራ ፈትተን አይደለም። መልሱ ከመብራት ኃይል ግቢ አልፎ እስከ ጡት የሚጠባ ሕፃን ድረስ ስለሚሄድ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ትራንስፎርመር በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት የመጣውን ኃይል ለቤታችን በሚሆን መጠን የሚያወርድ ነው። ውስጡ የሽቦ ጥቅል፣ ብረትና ዘይት አለ። ዘይቱ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ኤሌክትሪኩ እንዳያፈተልክም ይከላከላል። እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ የዓለም ፋብሪካዎች ለዚሁ ሥራ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ሲያመርቱ ኖረዋል። በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ አይበላሽም። ለፋብሪካው በረከት የሆነው ይህ ጠባዩ ለእኛ እርግማን ሆነ። መሬት ላይ ከፈሰሰም በኋላ ለብዙ ዓመታት አይበሰብስማ! ከሣሩ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱና ወደ ቅቤው፣ ከዚያም ወደ ሰው ስብ ይገባና ይቀመጣል። እናት ሳታውቀው ለልጇ በጡቷ ታጠባዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል።

«ማን ሞተ?» ለሚል ጃፓን መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1968 ፒሲቢ ከፋብሪካ ቧንቧ አፈትልኮ ለምግብ በሚሆን የሩዝ ዘይት ውስጥ ገባ። ዘይቱን የበሉ ሰዎች ቆዳ በብጉር ተወረረ፤ ቆዳቸው የጠቆረ ሕፃናት ተወለዱ። ከ11 ዓመት በኋላ ታይዋን ላይ ያው መከራ ተደገመ። እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ሌቦች ከትራንስፎርመር የቀዱት ዘይት ለምግብ መጥበሻ እንደሚሸጥ ሲዘገብ ሰምተናል።

የሩቅ አገር ወሬ ነው የምትሉ ቆዩማ። ቆቃ በ1952፣ ጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም ኃይል ማመንጨት ሲጀምሩ ፒሲቢ በዓለም ገበያ እንደልብ የሚሸጥበት ዘመን ነበር። አገራችን ስለ መርዛማ ኬሚካሎች የተፈረመውን የስቶክሆልም ስምምነት በ1995 ዓ.ም ተቀብላለች። ለዚያ ሲባል በተደረገው ቆጠራም ፒሲቢ አለባቸው የተባሉ ትራንስፎርመሮች ተመዝግበዋል። እያንዳንዱ አሮጌ ትራንስፎርመር መርዝ ነው እያልን አይደለም። ሳይመረመር ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም ነው የምንለው። «የእኛው አዲስ ስለሆነ አያሰጋም» የሚለውም አያዋጣም። ለጥገና ዘይት ሲጣራና ሲሞላ አንዱ ማሽን፣ አንዱ ቱቦ፣ አንዱ በርሜል ለሁሉም ካገለገለ የአንዱ መርዝ ለሌላው ይተርፋል።

አሁን አዘናን እናስብ። አዊ ዞን ውስጥ ያለችውን አዘናን የመረጥነው አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ለተቀመጠ አለቃ ሩቅ ስለሆነች ነው። ነገ እዚያ አንድ አሮጌ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ወረደ እንበል። ዝናብ በማይጠግብ አገር፣ ሜዳ ላይ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቆየ። ዘይቱ በዝናቡ ታጥቦ ወደ ግጦሹና ወደ ወንዙ ይወርዳል። የቀረውን አንዱ በጀሪካን ይቀዳል። ብረቱንና መዳቡን ቁራሌው ይገዛል፣ በእንጅባራ በኩል ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በባዶ እጁ የሚፈታው፣ በጋዝ የሚቆርጠው ወጣት እኛን የሚያህል ነው። ፒሲቢ ያለበት ዘይት በእንዲህ ዓይነት እሳት ሲቃጠል ዳዮክሲንና ፉራን የሚባሉ የባሱ መርዞች ይወጡታል። ልጁ ግን የሚያውቀው መዳብ በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ብቻ ነው። የነገረው የለማ!

ትክክለኛው አሠራር ምትሃት አይደለም። መጀመሪያ ኃይሉ ይቋረጣል፣ መቋረጡ በመሣሪያ ይረጋገጣል፣ መስመሩ ከመሬት ጋር ይታሰራል። ካፓሲተር ከሆነ ከመስመር ከወጣም በኋላ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ሊቆይና ሊገድል ስለሚችል በባለሙያ ሳይራገፍ አይነካም። ከዚያ የዘይት ናሙና ይመረመራል፤ ከ50 ፒፒኤም በላይ ፒሲቢ የተገኘበት ምልክት ተለጥፎበት፣ ፍሳሽ የሚይዝ ገበታ ተደርጎለት፣ ጣሪያና ቁልፍ ባለው መጋዘን ይቀመጣል። የሚቃጠለውም ከ1,100 ዲግሪ በላይ በሚያነድ፣ ለዚሁ በተሠራ ምድጃ ብቻ ነው።

«ድሃ አገር ነን፣ ገና መብራት ያልደረሰው ሕዝብ እያለ የምን ቅንጦት ነው?» የሚሉን አይጠፉም። ድሃ ስለሆንን ነው እንጂ! የተበላሸ አፈርና ወንዝ ማጽዳት ነው የሀብታም ሥራ። ማስታወስ ለሚፈልግ፣ በየመጋዘኑ ተረስቶ የቆየ ጊዜው ያለፈበት የተባይ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ቶን በላይ ተለቅሞ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ነው የተቃጠለው። ሥራው እንደሚቻል ያኔ አይተናል። ችላ ማለት ምን ያህል እንደሚያስወጣም አይተናል። የህዳሴ ግድብን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ያስመረቀ አገር አንድ በርሜል ዘይት መርምሮ ምልክት መለጠፍ አቃተው ቢባል ማን ያምናል?

ሕግ የለም እንዳይባል የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ፒሲቢ ያለበትን ዕቃ ከአገልግሎት ለማውጣት ስምምነቱ ያስቀመጠው ጊዜ እ.ኤ.አ. 2025 ነበር፤ አልፏል። ቆሻሻውን በአግባቡ ለማስወገድ የተቀመጠው ደግሞ 2028 ነው፤ እሱም ደረሰ።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ እንዲሁም የራሳቸው ትራንስፎርመር ያላቸው ፋብሪካዎች ሁሉ ዘይቱ ያልተመረመረ አሮጌ ዕቃ ከግቢያቸው አያስወጡ፤ በጨረታም አይሽጡ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የትኛው ዕቃ ተመርምሮ ምን እንደተገኘበት ዝርዝሩን በየዞኑ ለሕዝብ ይለጥፍ። የአዘና ነዋሪ ስለ ራሱ ምሰሶ የማወቅ መብት አለው። አዲሱ ሲሰቀል ለማጨብጨብ የተጠራ ሕዝብ አሮጌው ሲወርድም ሊጠራ ይገባዋል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ይህኛው መርዝማ ማሳሳቅም አያሻው፤ ወተት ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይጠጣል።