ከካርቶኑ ጀርባ

ሐይቅ ከተማ ወይም አምባሰል ውስጥ ቤት እየጨረሳችሁ ከሆነ ክርክሩን ታውቁታላችሁ፤ አያት በእበት የተለቀለቀውን ወለል ከነቄጤማው ያወድሳሉ፣ ልጆች «ላሚኔት ይሁን» ይላሉ። ላሚኔት ካሸነፈ የአንድ አሜሪካዊ ወለል ሻጭ ታሪክ ይጠቅማችኋል።

ቶም ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው ላምበር ሊክዊዴተርስ በርካሽ ዋጋው ገኖ ከ350 በላይ መደብሮች ከፈተ። በ2015 «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ኩባንያው ከቻይና ያስመጣው ላሚኔት የካሊፎርኒያ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ ፎርማልዴሃይድ እንደሚለቅ ዘገበ። ይህ ጋዝ የእንጨቱን ፍጭት ከሚያጣብቀው ሙጫ ይወጣል፤ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፣ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት ካንሰር ያስከትላል። ወለሉ ላይ ደረቱን አስጠግቶ የሚድኸው ደግሞ ሕፃኑ ነው።

ኩባንያው የቻይናውን ላሚኔት መሸጥ አቆመ፣ ካሳ ከፈለ፣ በ2020 ስሙን ሳይቀር ቀየረ። የቤት ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን አልቻለም፤ በ2024 ከሰረ። (የሚገርመው፣ 219 መደብሮቹን የገዛው የዚያው የሱሊቫን ድርጅት ነው!)

እናንተ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ካርቶኑን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ «ኢ1» የሚለው ምልክት የጋዝ ልቀቱ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው። አዲስ ወለል በሙቀት ጊዜ አብዝቶ ይለቃል፤ ስለዚህ ሕፃኑን ከማስገባታችሁ በፊት መስኮት ከፍታችሁ ቤቱን ለጥቂት ሳምንታት አናፍሱት።