የተከራዩትን ቤት መግዛት፦ ምን ይገዛል? ከሾላ ገበያ አካባቢ የተነሣ ሐሳብ

በሾላ ገበያ ዙሪያ ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ አንድ ቀን ከአከራዩ «ቤቱን ልሸጠው አስቤአለሁ፤ ከፈለጋችሁ ቅድሚያ ለእናንተ ነው» የሚል ቃል ሊደርሰው ይችላል። ከዘመድና ከወዳጅ የሚመጣው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ኪራይ ተመልሶ የማይገኝ ገንዘብ ነውና ግዙ የሚል። ምክሩ ግን አንድ መሠረታዊ ነገር ይዘነጋል። ተከራዩ መጠለያውን አስቀድሞ አግኝቷል፤ በግዢ የሚጨመርለት የይዞታ ዋስትናና የገንዘብ ማቆያ ነው። ሊመዘን የሚገባውም የእነዚህ የሁለቱ ዋጋ ነው።

ዋስትናው የሚለካው በቤቱ ሕጋዊ መልክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰና በቀበሌ ሲተዳደር የቆየ ቤት የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በውስጡ የሚኖረው ሰው ሊሸጠው አይችልም። ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰው ሰውም 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ተገድቧል። ገደቡን ለማለፍ በውክልና የሚፈጸም ግዢ ገዢውን በሻጩ ቃል ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቋረጣልና። ካርታ ያለው የግል ይዞታም ቢሆን፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም።

ወደ ሂሳቡ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ያህል በወር 20,000 ብር የሚከራይ ቤት በ6 ሚሊዮን ብር ለሽያጭ ቀረበ እንበል። የዓመቱ ኪራይ 240,000 ብር፣ ማለትም የዋጋው 4 በመቶ ነው። ያው ገንዘብ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ቢቀመጥ 420,000 ብር ያስገኛል። በዚህ ስሌት መከራየት ይሻላል። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በደረሰበት አገር በባንክ የተቀመጠ ብር እየመነመነ ይሄዳል። የቤት ዋጋ ከኪራዩ ጋር ሳይመጣጠን የሚንረውም ሰው ቤትን ከመኖሪያነቱ ባሻገር ገንዘብ ማቆያ ስላደረገው ነው። እንግዲህ የሚቆይ ጥሪት ያለው ሰው ቢገዛ ምክንያት አለው። በብድር የሚገዛ ግን ገና ያላፈራውን ጥሪት ለማቆየት ወለድ ይከፍላል። ንረት ዕዳን ያቀልላል ቢባልም፣ የሚያቀልለው የተበዳሪው ገቢ አብሮ ሲያድግ ብቻ ነው።

ዋስትናን በተመለከተ ደግሞ ሁኔታው ተለውጧል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ የኪራይ ጭማሪንም ገድቧል። አዋጁ በሚገባ እስከተፈጸመ ድረስ፣ ቀድሞ በግዢ ብቻ ይገኝ የነበረው መረጋጋት ከፊሉ ለተከራዩም ደርሷል። በአንጻሩ ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል እስከ መገናኛ የተከናወነው የኮሪደር ልማት፣ ባለቤትነት ከመነሣት እንደማያድን አሳይቷል። ባለቤትነት የሚሰጠው በቦታው የመቅረት መብትን ሳይሆን ካሳ የመጠየቅ መብትን ነው፤ ይህም የሚጸናው ሰነዱ የተሟላ ከሆነ ነው።

በገበያው አጠገብ ለሚኖር ነጋዴ ሌላም ጉዳይ አለ። ቅቤና ቅመም ሸጦ ለሚያድር ሰው የሾላ ቅርበት ራሱ ገቢ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ቤቱን እያከራዩ፣ ራሳቸው በመሐል ከተማ ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎች የሚያስተምሩት ቁም ነገር ይህ ነው፤ የሚኖሩበት ቤትና የሚይዙት ቤት የግድ አንድ መሆን የለባቸውም።

ተከራይ ከማንኛውም ገዢ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ ቤቱን ያውቀዋል። ጣራው በክረምት የሚያፈስበትን ቦታ፣ ውኃ የሚመጣበትን ቀን፣ የጎረቤቱን ጠባይ ለማወቅ ደላላ አያስፈልገውም። የማያውቀው ሰነዱን ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የካርታውን ትክክለኛነት፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ የሻጩንና የትዳር ጓደኛውን ፈቃድ ማረጋገጥ ይገባዋል። ሰነዱ የጸዳና የራሱ ጥሪት ያለው ተከራይ ይግዛ። ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ግን በጽሑፍ ውሉ ቢጸና፣ የሚከፍለው ኪራይ የባከነ ገንዘብ አይደለም፤ የመኖሪያና የእንጀራ ዋጋ ነው።