ይሳቅበት!

ልጃቸው እንግሊዝኛ እንዲያውቅ የሚጓጉ ወላጆች የሰዋስው መጽሐፍ ይገዙለታል፤ የድመት ተረት ይዞ ሲስቅ ያገኙት እንደሆነ ግን «ጨዋታህን ትተህ አጥና!» ይሉታል። እኔ ደግሞ ያ ልጅ እያጠና ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ኸርሲ የትምህርት ቤቶቹ የንባብ መጻሕፍት ለዛ ቢስ መሆናቸውን በ«ላይፍ» መጽሔት ነቀፈ። ነቀፋው ፍሬ አፍርቶ በ1957 የዶክተር ሱስ «ባለባርኔጣው ድመት» ታተመ። (ስሙ በእኛ ቋንቋ ለሥራው እንዴት ይስማማዋል!) መጽሐፉን ለመጻፍ 236 ልዩ ልዩ ቃላት በቁት፤ በ1960 ለወጣው «አረንጓዴ እንቁላልና ካም» ደግሞ 50 ብቻ። ልጁ ቤት እየመታ ሲደጋግማቸው የቃሉ ድምፅም፣ የዐረፍተ ነገሩ አሰካክም ሳይታወቀው ይዋሐደዋል።

«ተራ ቃላት ምን ይጠቅሙታል?» የሚሉኝ አሉ። ቋንቋውን ተሸክሞ የሚሄደው እኮ ተራው ቃል ነው!

በአገራችን ተማሪው ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። እስከዚያ ድረስ በእንግሊዝኛ አንዴም ስቆ የማያውቅ ልጅ ያን ሁሉ ገጽ በምን አንጀቱ ያነበዋል? የግሥ ሠንጠረዥ መሸምደድ ፈተና ያሳልፈው ይሆናል፤ መጽሐፍ ግን አያስከፍተውም።

እናም ወላጆች ሆይ፣ ለልደቱ የሰዋስው መጽሐፍ አስባችሁለት ከሆነ፣ እባካችሁ ድመቱን ግዙለት።