ለዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን፦ ከራሴላስ አገር የተላከ ምስጋና

ለተከበሩ ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን፣

ካረፉ ሁለት መቶ አርባ ዓመት አልፏል። የአገርዎ የእንግሊዝ ሰዎች በመዝገበ ቃላትዎ፣ ስለ ሼክስፒር በጻፉት ሐተታና ወዳጅዎ ቦዝዌል መዝግቦ ባቆየው ጨዋታዎ ያነሡዎታል፤ ይገባዎታልም። የእኔ ምስጋና ግን ከሌላ በኩል የመጣ ነው። ኢትዮጵያን ሳይረግጡ ስለ ኢትዮጵያ ሰው ጻፉ፤ ሲጽፉም እንደ ማንኛውም ሰው አድርገው ጻፉት። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በዘመንዎ ግን ቀላል አልነበረም። (ዘመናቱን ሁሉ የማነሣው በእርስዎ አገር አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከበርሚንግሃም ነው። መጽሐፍ ነጋዴው አባትዎ ሞተዋል። ከኦክስፎርድ ገንዘብ አጥሮዎት ዲግሪ ሳይዙ ወጥተዋል፤ ማስተማሩም አልቀናዎትም። በተማሪነትዎ ያነበቡትን የፖርቱጋላዊውን ካህን የጀሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሊመልሱ ተስማሙ። ሥራው እንደተጀመረ ግን ዕድሜዎን ሙሉ ያልተለየዎ የመንፈስ ጭንቀት አልጋ ላይ ጣለዎት። ወዳጅዎ ኤድመንድ ሄክተር መጥቶ፣ አታሚው ይህን መጽሐፍ ሳይጨርስ ሌላ ሥራ መያዝ እንደማይችልና ቤተሰቡ እየተቸገረ መሆኑን ነገረዎት። ለራስዎ ያልተነሡት ሰውዬ ለዚያ ቤተሰብ ሲሉ ሥራውን ቀጠሉ። መጽሐፉን ከፊትዎ ዘርግተው፣ እንደተኙ፣ እርስዎ እየተናገሩ ሄክተር ጻፈ። መጽሐፉ በ1735 ወጣ። ስምዎ አልተጻፈበትም፤ የተከፈለዎትም አምስት ጊኒ ነበር። ከመጻሕፍትዎ ሁሉ የመጀመሪያው የኛ አገር ነገር መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሎቦ ኢትዮጵያ የገባው በ1625፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ዐፄው የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው በአዋጅ በሕዝቡ ላይ ለመጫን ሲሞክሩ አገር ተነሣ፤ ገበሬው ከንጉሡ ጦር ጋር ተፋለመ፤ ወገን በወገኑ እጅ አለቀ። በመጨረሻ በ1632 ንጉሡ ሃይማኖታችሁ ይመለስላችሁ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይህን ታሪክ ለእንግሊዝ አንባቢ ሲያቀርቡ፣ ገና ወጣትና ድኻ ሳሉ፣ ለመጽሐፉ አንድ መቅድም ጻፉ። እኔ ከዚህ መቅድም ጋር ነው የተዋደድኩት። በዚያ ላይ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው፣ በወንጌል ስም ሰይፍ ይዘው የሰው አገር የሚገቡትን፣ የሰላምን አምላክ በእልቂት ሊያስመልኩ የሚሹትን ያለ ርኅራኄ መውቀስዎ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል። ሎቦን ያመሰገኑት ተረትና ተአምር ስላላበዛ ነው። የሩቅ አገር ሰው ሲባል ወይ አውሬ ወይ መልአክ አድርጎ መሳል ልማድ በነበረበት ጊዜ፣ ሰው ባለበት ሁሉ ክፋትና በጎነት ተቀላቅለው፣ ስሜትና አእምሮ ሲታገሉ እንደሚገኙ ጻፉ። ስለ ሐበሻ ሲሆን ለየት ያለ ሚዛን አላወጡም። ለእኔ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ የበቀለ ነው።

ሃያ አራት ዓመት አለፈ። በዚያ መካከል ለንደን ገብተው ለጋዜጣና ለመጽሔት ጽፈዋል፤ ስድስት ረዳቶች ብቻ ይዘው መዝገበ ቃላቱን አሳትመዋል፤ ባለቤትዎንም ቀብረዋል። ስምዎ ገንኖ ነበር፤ ኪስዎ ግን ያው ነበር። በጥር 1759 ሊችፊልድ ያሉት እናትዎ ወይዘሮ ሳራ ሞት አፋፍ ላይ መሆናቸውን ሰሙ። ዐሥራ ሁለት ጊኒ ላኩላቸው፤ ግማሹ ከአታሚ የተበደሩት ነበር። ከዚያ ተቀምጠው፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች፣ እናትዎን ለማስታመምና ለመቅበር የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ የሐበሻውን መስፍን ታሪክ ጻፉ። አሳታሚዎቹ መቶ ፓውንድ ሰጡዎት፤ ለሁለተኛው እትም ደግሞ ሃያ አምስት ጨመሩ። እናትዎ ግን መጽሐፉ ሳይወጣ ሞቱ፤ ለብዙ ዓመታት ሳያዩዋቸው። በዚያ ሳምንት፣ በዚያ ኀዘን ውስጥ ሆነው፣ የሚናገሩልዎትን ሰዎች የመረጡት ከኢትዮጵያ ነው። በወጣትነትዎ በሌላ ሐዘን ውስጥ ሆነው የተረጎሙት አገር እንደገና ወደ አሳብዎ መጣ። የመስፍኑንም ስም ሳይሆን አይቀርም ከዚያው ከሎቦ መጽሐፍ፣ ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ያገኙት፤ ራሴላስ አሉት።

ግሸን አምባ ላይ የንጉሥ ዘመዶች ይታሰሩ እንደነበር ያውቁ ነበር። አገሬ በዚያ ልማድ ሰው አሳዝናለች፤ የልጅ ዕድሜ ተራራ ላይ አልቋል። እርስዎ እስር ቤቱን ከተራራ ወደ ሸለቆ አወረዱትና በአማራ ምድር አስቀመጡት፤ ውኃ፣ አትክልት፣ ሙዚቃ፣ ምግብ፣ ሰው ሊመኝ የሚችለውን ሁሉ ሞሉበት። ከዚያም በሃያ ስድስተኛ ዓመቱ ያለው ወጣቱ ራሴላስ አንድ ቀን ከማዕዱ ተነሥቶ ለብቻው እንዲሄድ አደረጉ። የጠገበ ሰው ምን ይጎድለዋል? ፍየሎቹ በልተው ይተኛሉ፤ እሱ በልቶ አይተኛም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ለማግኘት ከአቴና ወይም ከሮም መምጣት እንደሌለበት፣ የአማራ መስፍን ሊጠይቀው እንደሚችል አምነው ነው የጻፉት።

ደግሞም ጥበበኛውን ከጎጃም አመጡልን። ኢምላክ ከዓባይ ምንጭ ብዙ ሳይርቅ የተወለደ፣ ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች የሚነግድ ባለጠጋ ልጅ ነው። ሕንድን፣ ፋርስን፣ ዐረቢያን፣ ሶርያንና ፍልስጥኤምን አይቶ ይመለሳል። የመጽሐፉ አስተማሪ እሱ ነው፤ እርስዎ ራስዎ በብዙ ቦታ በአፉ ይናገራሉ ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በዘመንዎ የነበረ ሌላ እንግሊዛዊ ደራሲ የራሱን ጥበብ ለጎጃሜ ነጋዴ ልጅ አደራ ሰጥቶ ሲጽፍ አላገኘሁም።

አንድ ቦታ ላይ ልቆይ፤ ብዙ አንባቢ ፈጥኖ ያልፈዋልና። ኢምላክ ስለ አውሮፓውያን ኃይል ሲያወራለት ራሴላስ ይጠይቀዋል፦ እነሱ ለንግድም ለወረራም እንዲህ በቀላሉ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ የሚመጡ ከሆነ፣ የእስያና የአፍሪካ ሰዎች ለምን ወደ እነሱ ወደቦች ሄደው አገር አያቀኑም? እነሱን ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው ነፋስ እኛንም ይወስደን የለምን? ዶክተር ሆይ፣ ይህን የጻፉት በ1759 ነው። የአገርዎ ጦር ኩቤክን የያዘበት፣ ለንደን በድል ደወል የሰከረችበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት አንድ አፍሪካዊ መስፍን ባሕሩን በሌላው ወገን ሆኖ እንዲያየው አደረጉ። ኢምላክም የሚመልሰው እውቀት ስላላቸው በረቱን ብሎ ነው። እውቀቱ ለምን ከእነሱ ዘንድ በዛ ለሚለው ግን ከማይመረመረው ከፈጣሪ ፈቃድ በቀር ምክንያት የለውም። ስለ ደም፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ ተፈጥሮ የበታችነት አንዲት ቃል የለም። ከእርስዎ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ለዚያው ጥያቄ የሰጡትን መልስ፣ መልሱም ያደረሰውን ጥፋት የሚያውቅ አፍሪካዊ አንባቢ ይህን ገጽ ሲያነብ የሚሰማውን ልነግርዎ አልችልም፤ ማመስገን ብቻ ነው የምችለው።

ራሴላስ ከኢምላክና ከእኅቱ ከኔካያ ጋር ከሸለቆው አምልጦ ካይሮ ይገባል፤ ሌላው ምስጋናዬ እዚያ ስላገኙት የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። ካይሮ ውስጥ አርባ ዓመት ሰማይን ሲያጠና የኖረ፣ ደግና የተማረ ሽማግሌ ነው። ብቸኝነቱ ግን አእምሮውን ቀስ በቀስ ወስዶት፣ ዝናሙና ፀሐዩ በእሱ ትእዛዝ የሚሄዱ ይመስለዋል። ሥልጣኑን ለማን እንደሚያወርስ እየተጨነቀ፣ ለአንዱ አገር ዝናም ቢሰጥ ሌላው እንዳይደርቅ እያሰበ ይኖራል። ኢምላክ ይህን ሲያወራ ኔካያ ፈገግ ትላለች፤ ደንገጡሯ ፔኩዋ በሳቅ ትፈርሳለች። ኢምላክ ይገሥጻቸዋል፤ ከሰው ልጅ መከራ ሁሉ የከበደውን መከራ መሣቂያ ማድረግ ፍቅርም ጥበብም አይደለም ይላቸዋል። እርስዎ አእምሮዬን አጣ ይሆን ብለው ዕድሜዎን ሙሉ የፈሩ ሰው ነበሩ። እኛም አገር የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በየመንገዱ ሲሣቅበት፣ ቤተሰቡም ሲደብቀው ኖሯል፤ ያ ተግሣጽ ዛሬም ይሠራልናል። የሽማግሌው መድኃኒት ደግሞ ሰው ነው። ሁለቱ ሴቶች ትምህርት ፈልገው ቤቱ ይመላለሳሉ፤ ያጫውቱታል፤ ወደ ቤታቸውም ይጠሩታል። ከሰው ጋር በዋለ ቁጥር ቅዠቱ እየሳሳ ይሄዳል።

ሐዘንንም ያውቁ ነበር። ስሜትን ድል ስለ መንሣት የሚሰብከው ፈላስፋ ሴት ልጁ በንዳድ ስትሞትበት ትምህርቱ ሁሉ አንድ ጠብታ እንባ አያብስለትም። ራሴላስ ያን ጊዜ አያላግጥበትም፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ፔኩዋ ፒራሚዶቹ አጠገብ በዐረቦች ተጠልፋ ስትወሰድ ኔካያ ልቧ ይሰበራል፤ ከዓለም ልለይ ትላለች፤ ጊዜ እየሄደ ሲመጣም ሐዘኑ ሳያስፈቅዳት ይቀልላታል፣ መቅለሉንም ታፍርበታለች። ሰው ለቅሶ ተቀምጦ ሳምንታት ካለፉ በኋላ በልቡ የሚያልፈውን ይህን ነገር እንደዚህ የተናገረው ጥቂት ነው።

እውነቱን ልናገር፤ በመጽሐፉ ያለችው ኢትዮጵያ የእኛዋ አይደለችም። የብረት በር የተዘጋበት ሸለቆ የለንም፤ ቤተ መንግሥቱም፣ የመሳፍንቱ አነጋገርም የለንደን ነው። እንጀራ አይበላም፤ ቅዳሴ አይሰማም፤ ጾሙም በዓሉም የለም። ስለ ጎጃም ያለዎት እውቀት የሎቦ እውቀት ነው። አገሬን ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ሌላ መጽሐፍ ይሂድ። አገራችንን አይተው የተመለሱት ጄምስ ብሩስ በ1775 ሲያገኙዎት ወሬያቸው ጥርት ያለ ሆኖ አላገኙትም፤ ብሩስ ስለ እኛ ያመጡት ግን ከእርስዎ እጅግ የበለጠ ነው። ይህ ምስጋናዬን አይቀንሰውም። ብሩስ ያዩትን ጻፉ፤ እርስዎ ያላዩትን ሰው አከበሩ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ አንድ የምወድደው ነገር አለ። ተጓዦቹ ካይሮ ላይ የዓባይ ሙላት ቤት ውስጥ ይዘጋቸዋል። ያ ውኃ ከአገራቸው ተራራ የክረምት ዝናም የወረደ ነው፤ ሸሽተው የወጡበት ምድር ደጃቸው ድረስ ይመጣል። ውኃው ሲጎድል ወደ ሐበሻ እንመለሳለን ይላሉ፤ መመለሳቸውን ግን አይነግሩንም። በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም፣ በጅዳም የሚኖሩ ወገኖቼ ያን ምዕራፍ ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል።

ፍራንሲስ ባርበርን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጃማይካ በባርነት የተወለደው ልጅ ባለቤትዎ ከሞቱ ብዙም ሳይቆይ ቤትዎ ገባ። ትምህርት ቤት ላኩት፤ ሲሞቱም የዓመት ሰባ ፓውንድ ገቢ ወስነው የቀረ ሀብትዎን አወረሱት። ባልደረቦችዎ ያጉረመረሙ ነበሩ። ኦክስፎርድ ውስጥም በዌስት ኢንዲስ ለሚነሣው የባሮች ዐመፅ ጽዋ አንሥተዋል። ስለ ራሴላስ የጻፉት ወረቀት ላይ ብቻ እንዳልቀረ በዚህ አውቃለሁ።

መጽሐፉ ወደ አገራችንም መጥቷል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ራሴላስና ኢምላክ በተወለዱበት ምድር ቋንቋ ተነጋግረዋል።

ምስጋናዬ የሚያበቃው በኔካያ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ሁሉም ምኞቱን ሲናገር፣ ራሴላስ ፍርድ የሚሰጥባት ትንሽ አገር ይመኛል፤ ኔካያ ግን ከሁሉ በፊት ዕውቀት መማር፣ ከዚያም የተማሩ ሴቶች ማኅበር መሥርታ ራሷ መምራት ትፈልጋለች። ከእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድ ሴቶች ዲግሪ ማግኘት የጀመሩት በ1920 ነው። እርስዎ ግን ኤፒክቴተስን ከግሪክ የተረጎመችውን ኤልሳቤጥ ካርተርን ያከብሩ፣ ጽሑፏንም በመጽሔትዎ በራምብለር ያትሙ ነበርና፣ ያን ምኞት ለኢትዮጵያዊት ልዕልት ሲሰጡ በመምህርነት ልትቀመጥ እንደምትችል አድርገው ነው። ለዚህም ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ አማርኛ አንባቢ