ጥይት ተብሎ ስለሚመሰገን ልጅ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ለሕፃን ስም የሚወጣለት በምኞትና በጸሎት ስለ ሆነ አባባሉ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለጠመንጃ ስም የሚያወጣለት ማን ነው? ከመሣሪያ ወገን ያለውን ስም አንሥተን ደግሞ ለልጆቻችን የምንሰጠው ስለ ምን ነው? ክርክሬ በዚህ ላይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በሳሪስ አቦ ሰፈር፣ በሰሜኑ ጦርነት ወንድ ልጃቸው ለሞተባቸው አንዲት እናት ልቅሶ ልንደርስ ሄደን ነበር። በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥነው ወንዶች ወሬ ጀመርንና፣ ልጁን የገደለው መሣሪያ ምን እንደ ነበረ ወደ መከራከር ደረስን። አንዱ «ዲሽቃ ነው» አለ፤ ሌላው «የለም፣ ስናይፐር ነው» አለ፤ ሦስተኛው ባለ ታጣፊውንና ባለ ሰደፉን ክላሽ እያመዛዘነ ያስረዳ ጀመር። እኒያ እናት ሰምተውን ኖሮ፣ «ልጆቼ፣ የብረቱን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የልጄን ስም የሚጠራ ግን አንድ እንኳ ጠፋ» አሉን። አንገታችንን ደፋን። ከተከራካሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ።

መቼም «እነዚህ ስሞች ታሪካችን ናቸው» የሚል ተሟጋች አይጠፋም። እውነት ነው። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ፉዚል ግራ» ነው። ሰናድርም እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ይዘውት የመጡት ስናይደር ነው። ቤልጅግ ከአገሩ ስም፣ መትረየስም ከፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ክላሽ የሠሪው የካላሽኒኮቭ ስም ቁራጭ ሲሆን፣ ሽጉጥ ግን «ሸጎጠ» ከሚለው ከራሳችን ግስ ተወልዷል። መምህራን ይህን ሁሉ ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ እሰየው ነው። እኔ የምነቅፈው ስሙን ማወቅን ሳይሆን መሣሪያን ማቆላመጥን ነው።

ደግሞም አባቶቻችን መሣሪያውን በሠሪው ወይም በአገሩ ስም ጠሩት እንጂ ጀግናውን በመሣሪያ ስም አልጠሩትም። የጀግና ስም የሚወሰደው ከፈረሱ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ተባሉ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ መድፈኞችን የመሩት ባልቻ እንኳ አባ ነፍሶ ተባሉ እንጂ አባ መድፍ አልተባሉም። ፈረስ ነፍስ አለው፤ ይደክማል፤ ይቆስላል፤ ከጌታው ጋራ ይሞታል። እኛ ግን ዛሬ ጎበዙን ተማሪ «ጥይት ነው!» ብለን እናመሰግነዋለን። ጥይት አይማርም፤ አያስብም፤ ወደ ላኩት ይሄዳል እንጂ አይመለስም። አስተዋይ ልጅ በምኑ ይመስለዋል?

«ቃል አይገድልም» የሚሉኝም ይኖራሉ። አዎን፣ ቃል አይገድልም፤ ነገር ግን መግደልን ያቀላል። ብረቱ እንደ ዘመድ ልጅ በቁልምጫ ሲጠራ የሰማ ሕፃን፣ ብረቱን ዘመድ፣ በፊቱ የሚቆመውን ሰው ባዕድ አድርጎ ቢያድግ የማን ጥፋት ነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ የሚያዝበትን ሥርዐት ወስኗል። የምላስን ትጥቅ የሚያስፈታ አዋጅ ግን የለም፤ ይህ የወላጅና የመምህር ፈንታ ነው።

ስለዚህ፣ መምህር ሆይ፣ ተማሪህ ብልህ ከሆነ ብልህ በለው፤ ቋንቋችን ለምስጋና ቃል አላነሰውም። የመንግሥት ሠራተኛም ስለ ጠፋ ሕይወት ሪፖርት ሲጽፍ ከመሣሪያው ዐይነት አስቀድሞ የሟቹን ስም ይጻፍ። ልቅሶ ቤት የምንቀመጥ ወንዶችም የሟቹን ስም ሳንጠራ የገዳዩን ብረት ስም አናንሣ። መልአክ ስም ያወጣው ለሰው ነውና።