ብሎክቼይን ያውቃል፣ ፎልደር አያውቅም

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ «ፍሬሽ» ተብላችሁ ካለፋችሁ «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ» የሚባለውን ኮርስ ታውቁታላችሁ። ሞጁሉ ስለ ዳታ ሳይንስ፣ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ስለ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ፣ ስለ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ያወራል። መጨረሻው አካባቢ ናኖቴክኖሎጂና ብሎክቼይንም ብቅ ይላሉ። ጥሩ ነው፣ ይወቁት። ተማሪው ሞጁሉን በቴሌግራም በፒዲኤፍ ይቀበላል፣ በስልኩ ያነባል፣ ፈተና ላይ ምርጫውን ያጠቁራል፣ ያልፋል። ከዚያ አንድ ቀን ኮምፒውተር ላብ ይገባና «የጻፍከውን በስምህ ፎልደር ከፍተህ ሴቭ አድርገው» ሲባል ጎኑ ያለውን ልጅ ያያል። ጎኑ ያለውም እሱን ያያል።

በልጁ ላይ መሳቅ ቀላል ነው፤ ግቢ ውስጥ የፍሬሽ ቀልድ ሞልቷል። ግን እስቲ ከየት እንደመጣ እንይ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ አይሲቲ ተምሯል፤ መጽሐፍም ነበረው። መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት አይሲቲ ማለት ኪቦርዱ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተስሎ «ይቺ ኢንተር ትባላለች» መባል ነው። መብራት ባለበት ደግሞ ኮምፒውተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው፣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ጋ ይሆናል። (ተማሪ እንዳያበላሻቸው ነው። ማንም ሳይነካቸው አርጅተው ይሞታሉ፣ ግን አልተበላሹም!) በጦርነቱ ዓመታት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተዘረፉትንና የወደሙትን ትምህርት ቤቶች እናንተው ጨምሩበት። እንግዲህ ይህ ልጅ ይመደብና፣ አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ ፓወርፖይንት ስትሠራ ካደገች ልጅ ጎን ይቀመጣል። መምህሩ ለሁለቱም እኩል «አሳይመንቱን እስከ አርብ በኢሜይል ላኩልኝ» ይላቸዋል።

ድሮ ይህ ክፍተት ተሸፋፍኖ ያልፍ ነበር። ፈተናው በወረቀት፣ ኖቱ ፎቶ ኮፒ፣ ሲኒየር ኤሴዩ በጽሐፊ። አሁን አያልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት አለበት፤ ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጠ፤ በ2017 ዓ.ም. በኦንላይን የተፈተኑት ከመቶ ሺህ በላይ ሆኑ። ሰዓት እየቆጠረ፣ ማውዝ እጁ ላይ እየተንሸራተተበት፣ ሳያስበው ሌላ ቦታ ጠቅ አድርጎ ገጹ ሲጠፋበት ልቡ የሚቆም ልጅ ስንት ደቂቃ ያጣል? ያ ልጅ ሲወድቅ የወደቀው በአካውንቲንግ ይሁን በማውዝ የሚነግረን ውጤት የለም። ወረቀቱ ላይ የሚመጣው ቁጥር አንድ ነው።

እኔ ጋዜጠኝነት ስማር ትልቁ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ከግቢው በር ፊት ለፊት ነበር። «የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ፕሪንት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ» የሚል ታፔላ ያላቸው ቤቶች ሁሉም ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አሉ። ተማሪው በእጁ የጻፈውን ይዞ ይሄዳል፤ አንዷ ልጅ በገጽ ሒሳብ ትተይብለታለች። ማውጫውን እሷ ትሠራለች፣ የገጽ ቁጥሩን እሷ ታስገባለች፣ ሠንጠረዡን እሷ ታስተካክላለች። አንዳንዷ ጽሐፊ የስንቱን ዲፓርትመንት ጥናት እንደተየበች ሳስብ፣ ከብዙ ተመራቂዎች ይልቅ እሷ ዲግሪ ይገባት ነበር እላለሁ። ተማሪው ግን አራት ዓመት ሙሉ ከፍሎ ያስጽፋል፣ አራት ዓመት ሙሉ አይማርም። አማካሪው «እዚህ ጋ አንድ አንቀጽ ጨምር» ባለ ቁጥር እንደገና ወረፋ፣ እንደገና ገንዘብ።

ከዚያ የፍላሹ ጉዳይ አለ። ሾርትከት ቫይረስን የማያውቅ የሀገሬ ተማሪ የለም፦ ፍላሹን ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ይመጣል፣ ዶርም ሲከፍተው ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው፣ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ቅንብሩን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ያድናቸዋል። ይህን የሚነግረው ሰው ያጣ ስንቱ «ፎርማት አድርገው» ተብሎ የሦስት ወር ሥራውን በገዛ እጁ አጥፍቷል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት ነው።

የግሩፕ ሥራን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። አምስት ልጆች ናቸው፣ አንዱ ላፕቶፕ አለው። ላፕቶፕ ያለው ይተይባል፤ ሌሎቹ ስማቸውንና መታወቂያ ቁጥራቸውን ይልካሉ። ሁሌ የምንማረረው የሚተይበው ልጅ ስለተበዘበዘ ነው። እኔ ግን የተበዘበዙት አራቱ ይመስሉኛል። የሚተይበው ልጅ በየሴሚስተሩ እየፈጠነ ይሄዳል፤ አራቱ እዚያው ናቸው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነና የዶላሩ ዋጋ በአጭር ጊዜ እጥፍ አካባቢ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ከአምስቱ አንዱም ላፕቶፕ የሌለው ግሩፕ እየበዛ ነው።

«ኧረ ተይ፣ የዘንድሮ ልጆች እኮ በስልክ ያደጉ ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ክርክር ከታላላቆቼም ከእኩዮቼም ሰምቼዋለሁ። ማርክ ፕሬንስኪ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ ዓይነቱን ትውልድ «ዲጂታል ኔቲቭ» ብሎ ሰየመው፤ ቋንቋውን ከነእናት ጡት የተማረ እንደማለት ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ዘ ቨርጅ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን አነጋግሮ ያወጣው ዘገባ ሌላ ነገር ይናገራል። ተማሪዎቻቸው ፋይላቸው የት እንደተቀመጠ አያውቁም፤ ፎልደር የሚባለው ነገር ራሱ በአእምሯቸው የለም፤ ሁሉን ነገር በመፈለጊያ ሣጥን ነው የሚያገኙት። በየቤቱ ላፕቶፕ ባለበት ሀገር!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስልክ ፋይልን ከባለቤቱ ይደብቃል። ፎቶው ጋለሪ ውስጥ፣ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ውስጥ፣ ዘፈኑ ማጫወቻው ውስጥ ነው፤ የት እንዳለ ማወቅ አያስፈልግህም። ለመጠቀም ምቹ ነው፣ ለመሥራት ግን አይበቃም። በሁለት አውራ ጣት ሃያ ገጽ አይጻፍም፣ የአንድ ወረዳ የጤና ጣቢያ መረጃ በስልክ ስክሪን ላይ አይደመርም። ሥራ ቦታ የሚጠብቀን ደግሞ ኤክሴል ነው፣ ቲክቶክ አይደለም።

ታዲያ የማን ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ በምን እናውቃለን? እስካሁን የምናውቀው በመጠየቅ ነው። ቅጽ ላይ «የኮምፒውተር ችሎታ» የሚል መስመር አለ፤ ማንም «የለኝም» ብሎ አይጽፍም። ሲቪያችንን ብታዩ የኢትዮጵያ ወጣት ሁሉ «ቤዚክ ኮምፒውተር ስኪል» አለው። ሌላው ዘዴ የጽሑፍ ፈተና ነው፦ ሲፒዩ ሲተነተን ምን ማለት ነው፣ ከሚከተሉት ውስጥ ኢንፑት ዲቫይስ የሆነው የቱ ነው። ይህን መቶ ከመቶ ያመጣና ኮምፒውተሩን ማብራት የሚፈራ ልጅ አለ። ዋና መማር የሚችለውን ለመለየት ስለ ውኃ ጥያቄ አይጠየቅም፤ ገንዳው አጠገብ ይወሰዳል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። በምዝገባው ሳምንት እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ፊት ለአርባ ደቂቃ ይቀመጥ። በተሰጠው ስምና የይለፍ ቃል ይግባ። በስሙ ፎልደር ይክፈት። ግማሽ ገጽ በእንግሊዝኛ፣ ግማሽ ገጽ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይተይብ፣ ያስቀምጥ፣ ይዝጋ፣ እንደገና ፈልጎ ያግኘው። የአሥር ተማሪዎችን ውጤት ኤክሴል ላይ ደምሮ አማካዩን ያውጣ። ፋይሉን ከኢሜይል ጋር አያይዞ ይላክ፣ ርእስ ጽፎበት። አንድ ቁጥር ከኢንተርኔት ፈልጎ ከየት እንዳገኘው ይጻፍ። በዚህ ዘመን አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ አንድ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መልስ ይሰጠውና ውስጡ ያለውን ስህተት ይፈልግ። ከቻትጂፒቲ የተቀዳ አሳይመንት ከነኮከብ ምልክቶቹ፣ ከነ«እርግጥ ነው፣ እነሆ ጽሑፉ» ታትሞ ሲገባ አይቻለሁና።

ለዚህ ውጤት አይሰጥበት፣ ትራንስክሪፕት ላይም አይውጣ። የሚችለው ይለፍ፣ ጊዜው አይባክን። ትንሽ የጎደለው የጎደለውን ይነገረውና ራሱ ይለማመድ። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቀው ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ በትንሽ ቡድን፣ ከሌክቸር ውጪ በእጁ ይሥራ። የሚያስተምሩት ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይሁኑ፤ የኪስ ገንዘብ ይከፈላቸው። ፍሬሽ ልጅ ዶክተሩን የማይጠይቀውን ሲኒየሩን ይጠይቃል።

አፍ መፍቻ ቋንቋ ያልኩት ለይምሰል አይደለም። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ከኪቦርዱ ጋር ብዙም አይጣላም። በፊደል የምንጽፈው ግን ሌላ ችግር አለብን። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ግን በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ተልኮልህ ስትከፍተው የቁራ ጭረት የሚሆንበት ቢሮ አለ። የአማርኛ ዜና እንዲጽፉ የሠለጠኑ ልጆች ኬውን ከኰው፣ «ሠ»ን ከ«ሰ» ለማውጣት ኪቦርዱ ላይ ሲዳክሩ አይቻለሁ። ዓይነ ስውር ሆኖ መተየብ፣ ማለትም ኪቦርዱን ሳያዩ፣ በአማርኛ ማንም አላስተማረንም። ጽሐፊዋ ትችላለች። ጋዜጠኛው አይችልም።

ሐምሌ 2016 ላይ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ሲጀመር ጓደኞቼ ተመዝግበው ሰርተፍኬታቸውን ፌስቡክ ላይ ለጥፈዋል። ደስ ይላል፣ አልቃወምም። ግን ወደዚያ ኮርስ የሚገባው መጀመሪያ ኢሜይል መክፈት የቻለው ነው። ከበሩ ውጪ የቀረውን ማን ይቆጥረዋል?

በእኔ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። በዚህ ወንፊት ተንጓልሎ የመጣን ልጅ ገና ፍራሹን ሳያነጥፍ ሌላ ፈተና? ይህን እረዳለሁ። ፈተና የሚለው ቃል ራሱ ሆድ ያስብሳል። ለዚህ ነው ውጤት አይሰጥበት ያልኩት። ደግሞም ልጁ መፈተኑ አይቀርለትም። ልዩነቱ አሁን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሲወድቅ የሚደግፈው እያለ ይፈተናል ወይስ ከአራት ዓመት በኋላ መውጫው ላይ ነው።

ሴቶቹን ለብቻ ማንሳት አለብኝ። ሰፈር ውስጥ ጌም ቤት፣ ኢንተርኔት ቤት እየዋለ ማውዝና ኪቦርድ የለመደው ወንድሟ ነው፤ እሷ ቤት ውስጥ ሥራ ነበራት፣ እዚያ ብትታይም ስሟ ይነሳ ነበር። ግቢ ስትገባ ላቡ ነፃ የሚሆነው ማታ ነው። ከላብ ወደ ዶርም ያለው መንገድ መብራት ከሌለው ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዋን አትሄድም፣ ትክክልም ናት። ስለዚህ «ላቡ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ክፍት ነው» የሚል ማስታወቂያ ለወንዶቹ የተጻፈ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይከፈት፤ ወይም ሴቶች ዶርም ሥር ያለችው አንዲት ክፍል ስድስት ኮምፒውተር ይግባባት።

ገንዘብ የለም ይባላል፤ ሁሌም ይባላል። ግን ለመውጫ ፈተናና ለኦንላይን ብሔራዊ ፈተና ሲባል ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሰብስበዋል፣ መስመር ዘርግተዋል፣ አዳራሽ አዘጋጅተዋል። ፈተና በማይሰጥባቸው ሳምንታት እነዚያ አዳራሾች ምን ይሠራሉ? እኔ በተማርኩበት ግቢ ላቡ የሚከፈተው ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ሲመጡ ነበር፤ ምሳ ከወጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመለሱም፣ አርብ ከሆነ ደግሞ ሰኞ ነው። የዘንድሮ ፍሬሾች ግቢ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ ይሄ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ የላቡ ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ ሰውየው ከሌሉስ ማን ጋ?